የደላላው ደብተር ወደ ድረ ገጽ ሲገባ፦ በዎርድፕረስ የቤት መሸጫ ገጽ አሠራር

"ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ባለ 2 መኝታ፣ 3ኛ ፎቅ፣ ካርታው በእጅ ያለ፣ የባንክ ዕዳ የሌለበት፣ ድርድር አለው።" በአዲስ አበባ ቤት በማሻሻጥ የሚተዳደር ደላላ ደብተሩን ሲገልጥ በየገጹ እንዲህ ያሉ መስመሮች ይገኛሉ። መስመሩ አጭር ቢሆንም ገዢ የሚጠይቃቸውን ዋና ዋና ጉዳዮች ይዟል፤ ሰፈሩን፣ የቤቱን ዓይነት፣ የመኝታ ክፍሉን ብዛት፣ ፎቁን፣ የሰነዱን ሁኔታ፣ ዋጋው ይቀነስ እንደሆነም ጭምር። ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው ያ መስመር ዎርድፕረስ በተባለው የብሎግ ማዘጋጃ ሥርዓት አማካይነት እንዴት ሊፈለግ፣ ሊጣራና ሊታመን የሚችል መዝገብ እንደሚሆን ነው። ለዚህ ሥራ ለሚነሣ ሰው ሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ቴም (የገጹን መልክ የሚወስን ዝግጁ ንድፍ) ከመምረጡና ቀለም ከመወሰኑ በፊት ደብተሩን ቁጭ ብሎ ማንበብን ነው፤ ድረ ገጹ ምን ምን መያዝ እንዳለበት ከማንም በላይ የሚያውቀው ደብተሩ ነውና።

ዛሬ ያ መስመር አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ቴሌግራም ቻናል ነው። ቴሌግራም ፈጣን ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ገዢውም ሻጩም ስልኩ ላይ ጭኖታል፤ ስለዚህ ማንም ሰው ይተወው ብዬ አልከራከርም። ችግሩ የሚታየው ከገዢው ወገን ነው። ዱባይ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጦ ለወላጆቹ ቤት የሚፈልግ ሰው በለቡ አካባቢ፣ 3 መኝታ ያለው፣ በአቅሙ ልክ የሆነ ቤት ለማግኘት ሌሊቱን መልእክት በመልእክት ወደ ኋላ ሲያገላብጥ ያድራል፤ ልቡ የወደደውን ሲያገኝም ቤቱ ከተሸጠ ወራት እንዳለፉት በማግስቱ በስልክ ይነገረዋል። ቻናል መልእክቶችን በቀን ቅደም ተከተል ይደረድራል እንጂ በሰፈር፣ በዋጋ ወይም በካሬ አይለይም። ድረ ገጽ የሚያስፈልገው ለዚህ መለየት ነው።

ዎርድፕረስን ማት ሙለንዌግና ማይክ ሊትል በእ.ኤ.አ. 2003 ሲጀምሩት የታሰበው ለብሎግ ጸሐፊዎች ነበር፤ ጸሐፊው ርእስ ይሰጣል፣ ጽሑፉን ያስገባል፣ አዲሱ ከላይ፣ አሮጌው ከታች ሆኖ ይታያል። በ2005 ቋሚ ገጾችና ቴሞች ተጨመሩለት። ለቤት ሽያጭ ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በሰኔ 2010 በወጣው 3.0 እትም ነው፤ ከዚያ ወዲህ የድረ ገጹ ባለቤት ከተለመደው የብሎግ ጽሑፍ ሌላ የራሱን የይዘት ዓይነት፣ ለምሳሌ "ቤት" የሚባል ዓይነት፣ በቀላሉ ማቋቋም ይችላል። ዛሬ በዓለም ካሉ ድረ ገጾች ከ100 ከ40 በላይ የሚሆኑት በዎርድፕረስ ይሠራሉ። ሶፍትዌሩ ራሱ በነፃ ይገኛል፤ ገንዘብ የሚጠይቁት ዶሜኑ (የገጹ የኢንተርኔት አድራሻ)፣ ሆስቲንጉ (ገጹ የሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ) እና አንዳንድ ፕለጊኖች (በዎርድፕረስ ላይ የሚጫኑ ተጨማሪ ፕሮግራሞች) ናቸው።

ቤት ብሎግ አይደለም

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እያንዳንዱን ቤት እንደ አንድ የብሎግ ጽሑፍ አድርገው ማስገባታቸው ነው። ርእሱ ላይ "በሰሚት የሚሸጥ ቤት" ይጻፋል፣ ከሥሩ ዋጋውም፣ ካሬውም፣ ስልኩም በአንድ አንቀጽ ተጨምቆ ይቀመጣል። ለ10 ቤት ይህ ያስኬድ ይሆናል። ቤቱ 200 ሲደርስ ግን ሥርዓቱ "ከ100 ካሬ በላይ የሆኑትን አሳየኝ" ለሚል ገዢ መልስ የለውም፤ ለዎርድፕረስ ያ አንቀጽ የፊደላት ክምር ብቻ ነው፣ ከውስጡ የትኛው ካሬ የትኛው ዋጋ እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ "ቤት" የሚባለው የይዘት ዓይነት ከተቋቋመ በኋላ በደብተሩ መስመር ላይ በነጠላ ሰረዝ የተለያየው እያንዳንዱ ነገር የራሱ መሙያ ሳጥን ሊሰጠው ይገባል።

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መለየት አለባቸው። አንደኛው ብዙ ቤቶች የሚጋሩትና ገዢ የሚመርጥበት ነገር ነው፤ ሰፈር፣ የቤት ዓይነት፣ የሚሸጥ ወይም የሚከራይ መሆኑ። ይህ በዎርድፕረስ ውስጥ እንደ መደብ ይያዛል፣ አስገቢውም ሰው በየጊዜው አይጽፈውም፣ ከተዘጋጀ ዝርዝር ይመርጠዋል። ሁለተኛው ለአንድ ቤት ብቻ የሚሆን መጠን ነው፤ ዋጋ፣ ካሬ፣ ፎቅ፣ የመታጠቢያ ክፍል ብዛት። ይህ ደግሞ ከቤቱ ጋር የተያያዘ መሙያ ሆኖ ይቀመጣል። ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው በኋላ ለእያንዳንዱ ዋጋ አንድ አንድ መደብ ተፈጥሮለት ያገኘዋል፤ ያንን ማጽዳት ደግሞ እንደገና ከመሥራት አይቀልም።

ዋጋን በሚመለከት በቅርብ የሚታይ አንድ እንከን አለ፤ በሠራኋቸውም ሆነ በጠገንኳቸው ገጾች ላይ ደጋግሞ አጋጥሞኛል። ዎርድፕረስ የመሙያዎችን ይዘት በዳታቤዙ፣ ማለትም በመረጃ ቋቱ፣ ውስጥ የሚያስቀምጠው በጽሑፍ መልክ ነው፤ ስለዚህ ገዢው "ከርካሹ ወደ ውዱ ደርድር" ሲል ሥርዓቱ እንደ መዝገበ ቃላት የመጀመሪያውን አኃዝ ብቻ ካየ 12000000 የሚለው ከ9500000 በፊት ይመጣል፣ 1 ከ9 ይቀድማልና። መድኃኒቱ መደርደሪያው ይዘቱን እንደ ቁጥር እንዲያነበው ማዘዝ ነው። ይህም ሆኖ አስገቢው በመሙያው ውስጥ 12,000,000 ብሎ ከነሰረዙ ከጻፈ ዳታቤዙ ቁጥሩን ሲያነብ ሰረዙ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ 12 ሚሊዮን ብር የተባለው ቤት 12 ብር ሆኖ ከዝርዝሩ አናት ላይ ይቀመጣል። "12 ሚሊዮን" ብሎ በፊደል መጻፍም ያንኑ ያስከትላል። መሙያው አኃዝ ብቻ እንዲቀበል አድርጎ፣ ሰረዙንና "ብር" የሚለውን ቃል ገጹ ለአንባቢ ሲያሳይ ራሱ እንዲጨምር ማድረግ ይበጃል። "ድርድር አለው" የሚለው ደግሞ ለብቻው በምልክት የሚመረጥ ሳጥን ይሁን።

ሰነዱ፣ ሰፈሩና ፊደሉ

በውጭ አገር የተሠሩ የሪል ስቴት ቴሞች የመዋኛ ገንዳና የመኪና ማቆሚያ ብዛት የሚጠይቅ ሳጥን ይዘው ይመጣሉ፤ የአዲስ አበባ ገዢ ከዋጋ ቀጥሎ የሚጠይቀውን ግን አይጠይቁም። እርሱም የሰነዱ ሁኔታ ነው። በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የሚሸጠው ቤቱና በቦታው የመጠቀም መብቱ ነው፤ ስለዚህ ይዞታው ነባር ይሁን ወይስ በሊዝ የተያዘ፣ በሊዝ ከሆነም ያልተከፈለ ቀሪ ክፍያ ይኑርበት አይኑርበት፣ ካርታው በሻጩ ስም ይሁን ወይስ ሽያጩ በውክልና የሚፈጸም፣ ባንክ በዋስትና ይዞት እንደሆነ፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ለ5 ዓመት በሽያጭ እንዳይተላለፍ የሚከለክለው ገደብ ያለፈለት መሆኑን እያንዳንዱን በየሳጥኑ መጠየቅ ያስፈልጋል። እነዚህን ሳጥኖች ያካተተ ገጽ ለገዢው የሚቆጥብለት የስልክ ጥሪና የታክሲ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ውክልና ልኮ በሩቅ ለሚገዛ ሰው የዕድሜ ልክ ቁጠባውን የሚያድነው ይኸው ነው። እርግጥ ሳጥኑ መሞላቱ ሰነዱን እውነተኛ አያደርገውም፤ ገዢው ከመፈራረሙ በፊት በሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ እንዳለበት እዚያው በግልጽ መጻፍ አለበት።

ሰፈር ሌላው ራስ ምታት ነው። የቴሙ ሳጥን የመንገድ ስምና የፖስታ ቁጥር ይጠይቃል፣ እኛ ግን አድራሻ የምንናገረው በክፍለ ከተማና በወረዳ፣ ከዚያም በላይ በሚታወቅ ምልክት ነው። "ከቦሌ መድኃኔዓለም ወደ ውስጥ ገባ ብሎ" የሚለው መሙያ የሚገባው በነፃ ጽሑፍ ነው፤ መደቡ ግን ሁለት ደረጃ ይኑረው፣ ከላይ ክፍለ ከተማው፣ ከሥሩ ሕዝቡ የሚጠራው ሰፈር። ዎርድፕረስ መደቦችን በወላጅና በልጅ መደርደር ስለሚፈቅድ ቦሌን የመረጠ ሰው ገርጂንም አብሮ ያገኛል። ካርታ ማሳየት የሚፈልግ ሰው የኦፕን ስትሪት ማፕን ካርታ በሚጠቀም ፕለጊን ቢሠራ የባንክ ካርድ ማስመዝገብ አይጠበቅበትም። ምልክቱ የሚቀመጠውም በትክክለኛው በር ላይ ሳይሆን በአካባቢው ቢሆን ይሻላል፣ በቤቱ ውስጥ ሰው እየኖረበት ሊሆን ይችላልና።

መደቡ ከዝርዝር ይመረጥ ያልኩበት ተጨማሪ ምክንያት ፊደላችን ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለጆሮ አንድ ሆነው ለኮምፒውተር የተለያዩ ናቸው። "ሰሚት" ተብሎ የገባ ቤት "ሠሚት" ብሎ ለሚፈልግ ሰው አይወጣለትም፤ "ሣር ቤት" እና "ሳር ቤት" እንዲሁ። ሲኤምሲን በነጥብ የሚጽፍ አለ፣ ያለ ነጥብ የሚጽፍ አለ፣ በላቲን ፊደል የሚጽፍም አለ። ገዢው ከዝርዝር ሲመርጥ ይህ ሁሉ ይቀራል። የነፃ መፈለጊያ ሳጥን የግድ ካስፈለገ ግን ጽሑፉ ሲከማችም ሆነ ሲፈለግ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ የሚያመጣ አጭር ኮድ በባለሙያ ማስጻፍ ያስፈልጋል። የዓመተ ምሕረት ጉዳይም አይዘንጋ፤ "በ2010 የተሠራ" ሲባል በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጁ ካልተገለጸ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ያመጣል፣ ለቤት ደግሞ ያ ብዙ ነው።

በርእስ አወጣጥ ላይም ፊደላችን የራሱን ነገር ያመጣል። ዎርድፕረስ የገጹን አድራሻ ከርእሱ ይወስዳል፣ ለአድራሻውም ያለው ቦታ 200 ምልክት ነው። አንድ የግእዝ ፊደል በአድራሻ ውስጥ ሲገባ 9 ምልክት ይሆናል። "በሰሚት የሚሸጥ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም" የሚለው ርእስ 23 ፊደላት ስላሉት አድራሻው ሳይጠናቀቅ "ኮንዶሚኒ" ላይ ይቆረጣል፤ በቴሌግራም ሲላክም ረጅም የመቶኛ ምልክትና የቁጥር ድርድር ሆኖ ሊታይ ይችላል፣ ያንን ያየ ሰው ደግሞ አጭበርባሪ የላከው መስሎት ሳይነካው ያልፋል። ስለዚህ አድራሻው አጭር የቤት ኮድ ብቻ ቢሆን እመርጣለሁ። ኮዱ ለስልክም ያገለግላል፤ ደዋዩ "ያ በረንዳው ሰፊ የሆነው" እያለ ከሚያስረዳ "ኮድ 41ን አይቼ ነው" ቢል ሁለቱም ወገን ያርፋል።

ቴሙ ሲለወጥ ቤቶቹ የት ይሄዳሉ?

ለሪል ስቴት የተዘጋጁ፣ መፈለጊያውንም ካርታውንም አንድ ላይ የያዙ ቴሞች በገበያ አሉ፤ ሥራን እንደሚያፋጥኑ አልክድም። ከመግዛት በፊት ግን አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፤ "ቤት" የሚባለውን የይዘት ዓይነት የሚያቋቁመው ቴሙ ነው ወይስ ለብቻው የሚጫን ፕለጊን? ቴሙ ከሆነ ከሁለት ዓመት በኋላ መልኩን መለወጥ ያማረው ባለቤት ቴሙን ባነሣ ቅጽበት ቤቶቹ በሙሉ ከዳሽቦርዱ (ባለቤቱ ገጹን ከሚያስተዳድርበት ክፍል) ይጠፋሉ። በዳታቤዙ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ የሚያውቃቸውና የሚያሳያቸው ግን የለም። ፕለጊን ከሆነ ቴሙ ልብስ ብቻ ነው፤ ሲወልቅ ገላው ይቀራል። የተሰረቀና በነፃ የሚታደል የሚከፈልበት ቴም ቅጂ መጠቀም ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፣ ብዙውን ጊዜ ገጹን ለሌላ ሰው የሚከፍት የተደበቀ ኮድ አብሮት ይገባልና።

የውጭ ምንዛሪ ካርድ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ ዶሜኑንና ሆስቲንጉን ውጭ አገር ያለ ዘመድ ወይም ገጹን የሚሠራው ባለሙያ እንዲከፍል ማድረግ የተለመደ ነው። መክፈሉ ነውር የለበትም። አደጋው ዶሜኑ በከፋዩ ስምና ኢሜይል መመዝገቡ ነው። አንድ የማውቃቸው አሻሻጭ ለሦስት ዓመት ስማቸውን የገነቡበትን አድራሻ ያጡት የማደሻው ማሳሰቢያ ሥራውን ትቶ ወደ ሄደ ልጅ ኢሜይል ሲላክ ኖሮ ማንም ሳያየው ጊዜው በማለፉ ነው። የመኪናቸው ጎን ላይ የተጻፈው አድራሻ ዛሬ ሌላ ገጽ ይከፍታል። የምዝገባው ኢሜይል የባለቤቱ ይሁን፤ የገጹ መጠባበቂያ ቅጂም ፋይሎቹንም ዳታቤዙንም የያዘ ሆኖ ከሆስቲንጉ ውጭ ይቀመጥ፣ ፎቶዎቹ ያሉት በፋይሎቹ ውስጥ፣ ዋጋውና ሰፈሩ ያሉት ደግሞ በዳታቤዙ ውስጥ በመሆኑ አንዱ ያለ ሌላው ዋጋ የለውም።

ፎቶን በተመለከተ፣ በዛሬ ስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ 3 ወይም 4 ሜጋባይት ይመዝናል፤ 20 ፎቶ እንዳለ በገጹ ላይ ቢደረደር ገዢው አንድ ቤት ለማየት እስከ 80 ሜጋባይት ያወጣል። ዎርድፕረስ ከእያንዳንዱ ፎቶ የተለያየ መጠን ያላቸው ቅጂዎች ያዘጋጃል፣ ከ5.5 እትም ጀምሮም ፎቶዎች አንባቢው ወደ እነርሱ ሲቃረብ ብቻ እንዲወርዱ ያደርጋል፤ ሆኖም ከመጫን በፊት ወርዱን ወደ 1600 ፒክስል ዝቅ ማድረግ ሆስቲንጉንም ያቀላል። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ በፎቶው ውስጥ የሚቀር ነገር ነው። ስልክ ቦታን እንዲመዘግብ ከተፈቀደለት የቤቱ ትክክለኛ መገኛ በፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ይቀመጣል፣ ዎርድፕረስም የመጀመሪያውን ፋይል በሰርቨሩ ላይ ያቆየዋል። በግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቤተሰብ ፎቶ፣ በጠረጴዛው ላይ የተተወው የካርታው ቅጂ ከነቁጥሩ፣ እነዚህ ወደ ገበያ መውጣት የለባቸውም።

የገዢውም ስምና ስልክ እንዲሁ አደራ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሰው መረጃውን ለሰጠበት ዓላማ ብቻ መጠቀምን የሚያዝ ስለሆነ፣ ስለ አንድ ቤት ለመጠየቅ የተተወ ስልክ ለሌላ ደላላ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። መጠየቂያ ቅጹ ስምና ስልክ ብቻ ቢጠይቅ በቂ ነው። ቅጹ የሚልከው ኢሜይል በብዙ ሆስቲንጎች ላይ ሳይደርስ ስለሚቀር መልእክቱ በዳሽቦርዱ ውስጥም እንዲመዘገብ ይደረግ፤ ከጎኑም አንድ ጊዜ ሲነካ የሚደውል ቁልፍ፣ ቴሌግራም የሚከፍት ቁልፍ፣ ለባሕረ ሰላጤውና ለአሜሪካው ገዢ ደግሞ ዋትስአፕ የሚከፍት ቁልፍ ይቀመጥ።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ፈቃድ ይዘው የሚሠሩ አማርኛ ተናጋሪ ወኪሎች በዎርድፕረስ ሲጠቀሙ ነገሩ በአንድ ጎኑ ይለያል። እዚያ ወኪሎች የሚሸጡ ቤቶችን የሚያስመዘግቡበት የጋራ ቋት ስላለ፣ ቤቶቹን ከቋቱ ወደ ገጻቸው በሕጋዊ ስምምነት የሚያመጣ ፕለጊን ይጭናሉ እንጂ አንድ በአንድ አይሞሉም። በሌላ በኩል በእ.ኤ.አ. 1968 የወጣው የአሜሪካ የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ በትውልድ አገር መርጦ ማስተዋወቅን ስለሚከለክል ገጹን በአማርኛ መጻፍ ባይከለከልም "ለሐበሻ ብቻ" የሚል ማስታወቂያ ግን ወኪሉን ያስጠይቃል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ የጋራ ቋት ባለመኖሩ አንዱን ቤት አምስት ደላላ በአምስት ዋጋ ይዞት ሊገኝ ይችላል፤ የገጹ ተአማኒነት የሚቆመውም ባለቤቱ መዝገቡን ራሱ በሚከታተለው መጠን ነው።

ስለዚህ የመጨረሻው መሙያ፣ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው፣ ቤቱ ያለበትን ሁኔታ የሚናገረው ነው፤ "አለ"፣ "ቀብድ ተከፍሎበታል"፣ "ተሽጧል"። ከእርሱም ጋር ባለቤቱ በስልክ ተጠይቆ ያረጋገጠበት የመጨረሻ ቀን በገጹ ላይ ይታይ። ቤቱ ሲሸጥ ገጹን መሰረዝ አያስፈልግም፤ ሊንኩ በየቴሌግራሙ ተበትኖ ስለሚገኝ የተሰረዘ ገጽ የመጣውን ሁሉ ባዶ እጁን ይመልሳል። ሁኔታው "ተሽጧል" ወደሚለው ሲለወጥ ከፍለጋው ውጤት እንዲወጣ፣ በሊንኩ የመጣው ሰው ግን በዚያው ሰፈር ያሉ ሌሎች ቤቶችን እንዲያይ ማድረግ ለባለሙያ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ለ30 ቀን ያልተረጋገጠ ቤት ራሱ ከዝርዝሩ እንዲወርድና ለደላላው ማሳሰቢያ እንዲደርሰው ማድረግም ይቻላል። ማሳሰቢያው የደረሰው ደላላ ደብተሩን ገልጦ ለባለቤቱ ይደውላል፣ ቤቱ ካለ አንድ ቁልፍ ይጫናል፣ ቀኑ ይታደሳል፤ ዱባይ ላለችው ገዢም ሌሊት ስትፈልግ የሚወጣላት ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ "አለ" የተባለው ቤት ብቻ ይሆናል።